ኃይል ለሚበላ ስፒከር አምፕ ስትመርጡ ዋቱን ብቻ አትዩ

አንድ ጓደኛዬ ማግኔፓን ኤልአርኤስ የሚባል ስፒከር ገዝቶ አሁን አምፕ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር) እየፈለገ ነው፣ "200 ዋት የሚል ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕ አንድ ላይ ያለው) አግኝቻለሁ ይበቃዋል አይደል?" አለኝ። እኔ ደሞ ስንት ዋት ሳይሆን ስንት ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ከረንት ያለው ተቃውሞ፣ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይስባል) ላይ ነው የሚለው አልኩት፣ እሱ ነው ዋናው ነገር።

ማግኔፓን ሚኒሶታ ያለ ከ1969 ጀምሮ የሚሰራ ድርጅት ነው፣ ስፒከሮቹ ሳጥን የላቸውም፣ እንደ በር ሳንቃ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ስስ ነገሮች ናቸው። ድምፃቸው ግን በጣም ደስ ይላል፣ በገና ስትሰሙበት የአውታሩ ንዝረት አንድ በአንድ ይለያል። ችግሩ ኃይል ይበላሉ። ወረቀቱ ላይ 4 ኦም፣ በ2.83 ቮልት 86 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይላል፣ ይሄ ብዙም አይከብድም ትሉ ይሆናል ግን 2.83 ቮልት 8 ኦም ላይ 1 ዋት ሲሆን 4 ኦም ላይ 2 ዋት ነው፣ ስለዚህ በ1 ዋት ስናሰላው 83 ነው ማለት ነው። ድምፅ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ዋቱ እጥፍ ይሆናል፣ 20 ለመጨመር 100 እጥፍ፣ እና 103 ጋ ለመድረስ 100 ዋት በቃ አለቀ። ከበሮ ሲመታ ወይ ኦርኬስትራ ድንገት ከፍ ሲል ደግሞ ከአማካዩ 10 እና 15 ዴሲቤል በላይ መውጣቱ ያለ ነው፣ አምፑ እዛ ጋ ሲያልቅበት ድምፁ ይቆረጣል፣ ጆሮ ያማል።

ስለዚህ ምን እንይ? 8 ኦም ላይ ያለውን ቁጥር ከ4 ኦሙ ጋር አስተያዩት። 100 የነበረው ወደ 200 ከተጠጋ ከውስጥ ትልቅ ትራንስፎርመርና በቂ ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ክፍል) አለው ማለት ነው፣ ከረንት መስጠት ይችላል። 4 ኦሙ ጭራሽ ካልተጻፈ ወይ 120 ምናምን ብቻ ካለ እለፉት። ክሬል ኬኤስኤ-50 የሚባለው አምፕ 8 ኦም ላይ 50 ዋት ብቻ ነው የሚለው፣ 4 ኦም ላይ ግን 100 ይሰጣል፣ እስከ 1 ኦም የሚወርደው አፖጂ ሲንቲላ የሚባል ስፒከር ያላቸው ሰዎች ክሬል ክሬል ይሉ የነበረውም ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ከ5 እና 7 ቻናል ሪሲቨር ይልቅ ያገለገለ ግን ከባድ ባለ 2 ቻናል ፓወር አምፕ እመርጣለሁ፣ በተለይ የሪሲቨሩ ዋት አንድ ቻናል ብቻ እየሰራ የተለካ ከሆነ።

የኦሙ ቁጥር ብቻውን ሁሉንም አይናገርም፣ ፌዝ አንግል የሚባል ነገርም አለ (ቮልቱና ከረንቱ እኩል ሳይሄዱ አንዱ ከሌላው ሲቀድም ማለት ነው)፣ አንዳንድ ባለሳጥን ስፒከር በወረቀት ቀላል መስሎ ባስ ላይ አምፑን ያስጨንቃል። ማግኔፓን በዚህ በኩል ገራም ነው።

ከአሜሪካ ገዝታችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ካላችሁ ደግሞ ከኋላው ያለውን ጽሁፍ እዩ፣ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ለአገር ቤቱ 220 መቀየሪያ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ እሱም ትንሽ ከሆነ የገዛችሁትን ከረንት መልሶ ያንቀዋል፣ ስለዚህ ቮልቱ ከውስጥ የሚቀየር አምፕ ቢሆን ይሻላል።