ጸሎቴን ሳልጨርስ ማደንዘዣው ወሰደኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ልጻፍ ልተወው እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ነገሩ ትልቅ ተአምር አይመስልም። የሞተ አልተነሳም፣ ዕውር አልበራለትም። እንቅርቴን ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ድምፄም አለ። ይኸው ነው። ግን ሙሉ ማደንዘዣ ሊወስድ ቀጠሮ ይዞ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው አይጠፋምና የሆንኩትን እንዳለ ልንገረው ብዬ ነው።

እንቅርት በእኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ ነበረባት፣ እናቴም ትንሽ አለባት። ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ አፈሩም ውሃውም አዮዲን ስለሚያንሰው አንገት ያብጣል። ጨው ላይ አዮዲን ይጨመር ተብሎ በሕግ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ያኔ አንገቴን በነጠላ መሸፈን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ለዓመታት እንዲሁ ኖርኩበት። ኋላ ግን በጀርባዬ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ሐኪሙ የአንገቴን ራጅ መብራት ላይ ለጥፎ አሳየኝ። የአየር ቧንቧዬ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው እብጠቱ ገፍቶት ወደ ቀኝ ተጣሟል። "ይሄ መውጣት አለበት" አለኝ።

ከዚያ ሊያጋጥም የሚችለውን ነገረኝ። ድምፅ የሚያሠራው ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ቀጭን ነው፣ ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፣ ሲብስም ሊጠፋ ይችላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ። ከሱ ስወጣ ሰመመን ሰጪው፣ ማደንዘዣውን የሚሰጠው ባለሙያ፣ ተቀበለኝ። አፌን አስከፈተኝ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አስቀለበሰኝ፣ ትንሽ ዝም አለና "ቧንቧው ስለተጣመመ የመተንፈሻ ቱቦውን ማስገባት ሊያስቸግረን ይችላል። ተዘጋጅተን ነው የምንገባው። እምቢ ካለ አንገትሽ ላይ ቀዳዳ ከፍተን እናስተነፍስሻለን" አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እሰማ ነበር፣ በራሴ አንገት አየሁት።

እውነቱን ልናገር፣ ቢላዋው አልነበረም ያስፈራኝ። ማደንዘዣው ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ "ማደንዘዣው ሳይለቀው ቀረ እኮ" ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ሰፈራችን ደግሞ አንድም የቀረበት ወሬ የለም። እህቴ በበኩሏ "ስትነቂ ምስጢርሽን ሁሉ ትዘረግፊዋለሽ፣ እኔ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ" እያለች ታስቀኛለች። እስቃለሁ፣ ማታ ግን እንቅልፍ የለም። የሚያስጨንቀኝ አንድ ሐሳብ ነበር። እስከ ዛሬ በጭንቅ ሰዓት ሁሉ ያለኝ ነገር ጸሎት ነው፤ እዚያ ግን ጸሎቱንም ይወስዱብኛል። አእምሮዬ ከሌለ በምን እጸልያለሁ?

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ጸበሉን ብቻ ልያዝ ወይ አልኳቸው፣ ልባቸውን ለማወቅ። እሳቸው እቴ! "ሲራክ 38ን አንብቢ" አሉኝ። ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው የሚለው ነው። ከዚያ ፈገግ ብለው "አዳምንም እኮ መጀመሪያ አስተኝቶት ነው ጎኑን የከፈተው" አሉኝ። በኋላ ሳነብ፣ ሲምፕሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምር "የእግዚአብሔርን ሥራ መቃወም ነው" ላሉት ሰዎች የመለሰው ይህንኑ የአዳምን እንቅልፍ ጠቅሶ ነው። ንስሐ አባቴ ሲምፕሰንን አያውቁትም።

ጸሎቴ ሁለት ነገር ብቻ ሆነ። እስትንፋሴን ጠብቅልኝ፣ አንደበቴን መልስልኝ። ለቅዱስ ሩፋኤል ደግሞ ተሳልኩ። ጃንጥላ።

ቀኑ ሐምሌ ላይ ነበር፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ይወርዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም አትቅመሺ ተብያለሁ። ይህን ነገር ቀላል የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፣ "አንድ ጉርሻ ምን ታመጣለች" የሚሉ። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ በማደንዘዣ ሰዓት ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። እባካችሁ ደብቃችሁ አትብሉ። የጥፍር ቀለምም አስለቀቁኝ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቀለም እንዳይሳሳት ነው።

ከዚያ ማተቤ ላይ ደረሱ። አንገቴ ነው የሚከፈተውና መውለቅ አለበት። ሲስተሯ መቀስ ይዛ መጣችና ፊቴን አይታ መቀሱን ኪሷ ከተተችው። ቋጠሮው የጠነከረ ነው፣ ዓመታት ላብና ውሃ የጠጣ። በጥፍሯ ትፈታው ጀመር። ውጭ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃታል፣ የሚጠራትም አለ፣ እሷ ግን አልተነሳችም። ሲፈታላት ክሩን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሁለት ጊዜ አዞረችና አሰረችልኝ። "አልተበጠሰም፣ ቦታ ነው የቀየረው" አለችኝ። አለቀስኩ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም፣ እግዚአብሔር ግን ያውቃታል።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይበርዳል። ጋቢ ያስመኛል። አልጋው ጠባብ ነው፣ ክንድ የሚዘረጋበት ነገር በግራና በቀኝ አለው። ደረቴ ላይ የሚለጠፉ ነገሮች ለጠፉ፣ የደም ግፊት መለኪያው ክንዴን ጨመቀኝ፣ የልቤ ምት ከማሽኑ ጢጥ ጢጥ እያለ ለሁሉም ሰው ይሰማል። ፍርሃቴን መደበቅ አልቻልኩም ማለት ነው፣ ማሽኑ አሳበቀብኝ። ሰመመን ሰጪው ከራስጌዬ ቆሞ ጭምብሉን አፍና አፍንጫዬ ላይ አደረገ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ኦክስጅን ብቻ ነው፣ በደንብ ሳቢው አለኝ። "አባታችን ሆይ" ብዬ ጀመርኩ። ወተት የመሰለ መድኃኒት በግሉኮሱ መስመር ሲገፋ በዓይኔ አየሁት፤ ፕሮፖፎል ይሉታል። "ትንሽ ያቃጥላል" አለኝ። አቃጠለኝ፣ ከእጄ ጀርባ ተነስቶ ወደ ክርኔ ወጣ። "ስምህ ይቀደስ" ብያለሁ። "መንግሥትህ ትምጣ" ማለቴንም አስታውሳለሁ። የመብራቱ ጠርዝ ደበዘዘ፣ ጢጥታው ራቀ፣ ከዚያ ወዲያ...

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ይህን ነው ሰው እንዲገባው የምፈልገው። እንቅልፍ አይደለም። እንቅልፍ ውስጥ ትገላበጣላችሁ፣ ሕልም ታያላችሁ፣ ስትነቁ ጊዜ ማለፉ ይታወቃችኋል። እዚህ ጊዜ የሚባል ነገር ተቆርጦ ይወጣል። መውደቅ የለም፣ ጨለማ የለም፣ ፍርሃትም የለም፣ የሚፈራው ሰው ራሱ የለማ! ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ስለሚሰጣችሁ በራሳችሁ አትተነፍሱም፣ ማሽን ነው የሚተነፍስላችሁ። ሦስት ሰዓት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆየሁ። ለእኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንደመክፈት እንኳን አልሆነም።

እኔ የጣልኩትን ጸሎት እናቴ አንስታው ነበር። ውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ያቺ ጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዳዊቷን ይዛ ተቀምጣለች። አስታማሚዎች ሻይ ጠጪ ሲሏት እምቢ ብላለች፣ "ልጄ ሳትቀምስ" ብላ። መዝሙር 3 ላይ "እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ" የሚል አለ፤ እሱ ላይ ስትደርስ እየተመለሰች፣ እየተመለሰች ታነበው ነበር አለችኝ እህቴ። እኔ በምን እጸልያለሁ ብዬ ስጨነቅ መልሱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ዓይንሽን ክፈቺ! ስምሽን ንገሪኝ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉሮሮዬ በአሸዋ የታሸ ያህል ያመኛል፣ ከቱቦው ነው። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጥኩ፤ ከማደንዘዣ ሲነቁ ብዙ ሰው ላይ የሚያጋጥም ነው፣ አትደንግጡ። እንግዲህ ምስጢር ይወጣል የተባለው ሰዓት ደረሰ። ይህን አላስታውሰውም፣ እህቴ ናት የነገረችኝ፣ እስከ ዛሬም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ታወራዋለች። እናቴ ጎንበስ ብላ "ልጄ" ስትለኝ፣ እኔ በሻከረ ግን በሚሰማ ድምፅ "ሽሮው ገነፈለ፣ አውርጂው" አልኳት። ዝማሬ አይደለም፣ "ተመስገን" አይደለም፣ ሽሮ! እናቴ ግን እልል አለች። ድምፅ ነዋ!

በማግስቱ ሰመመን ሰጪው ሊጠይቀኝ ዋርድ መጣ። "ቱቦው እንዴት ሆነ?" አልኩት። "በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም ፈርቼ ነበር" አለኝ። ከቀዶ ሐኪሙ አፍም ነርቮቹ በሁለቱም በኩል ተለይተው መትረፋቸውን ሰማሁ። ተአምር ስል እነዚህን ሰዎች ወደ ጎን መግፋቴ እንዳይመስላችሁ። የሰለጠነ እጅ ነው የሠራው። እኔ ያንን እጅ ስጠኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ ሰጠኝ።

ሁሉም ወዲያው ጥሩ አልሆነም። ጣቶቼና ከንፈሬ ዙሪያ ይወረኝ ነበር፣ ካልሲየም ወርዶ ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ድምፄም ይሰማል እንጂ ከፍ አይልም። ፍልሰታ ገባ። ጓደኞቼ ማኅሌተ ጽጌ ሳይደርስ ለመስከረም መዝሙር ሲያጠኑ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ያኔ ነው ከኦፕራሲዮኑም በላይ የከበደኝ። ነርቭ ሲነካካ ለሳምንታት ሊዝል ይችላል ብለውኛል፣ ግን ማን ያምናል! ማታ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ "ኢ..." እላለሁ፣ መሃል ላይ ይሰበራል።

ጳጉሜን 3፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ልጆች ሁሉ ውጭ ሲጨፍሩ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ስለቴን አስገባሁ። ዝማሬው ሲጀመር እንደለመድኩት ከንፈሬን ላንቀሳቅስ ነበር፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፄ አብሮ ወጣ። ከጎኔ የቆመችው ልጅ ዞራ አየችኝ። ያለ ጥርጥር እንደ ድሮው ነው ማለቴ አይደለም፣ ትንሽ ወፍሯል። ግን ይወጣል።

አሁን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ የታይሮይድ ኪኒኔን፣ የወጣውን እጢ ሥራ የሚተካልኝን፣ እውጣለሁ፣ አንገቴ ላይ ጠባሳ አለ፣ ማተቤም ከላዩ ተመልሷል። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያላችሁ ስመ ክርስትናችሁን ብቻ ላኩልኝ። ለእናቴ አነብላታለሁ፣ ገብታችሁ እስክትወጡ ድረስ ዳዊቷን አታጥፍም። ሻይም አትጠጣም፣ በዚህ እኔም አልቻልኳትም።