ሚጥሚጣ፣ ቁርጥማትና የእማዬ ጥያቄ

ባለፈው ጣና ዳር አሳ ስንበላ ቢላ የሰነጠቀኝ ጣቴ ላይ ሚጥሚጣ ገባብኝ፣ ወይኔ ማቃጠሉ! ሚጥሚጣው የነካው ቁስሏን ብቻ ነው፣ መቅላቱ ግን ዙሪያዋን ሄደ። ያልደረሰበትን ማን አቀላው? ነርቩ ነዋ። የሚያቃጥለው ነገር የነርቩን ጫፍ ሲቀሰቅሰው መልእክቱ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፣ በጎን ቅርንጫፎቹም ዞሮ እዛው ቆዳ ውስጥ ሰብስታንስ ፒ ምናምን የሚባሉ ነገሮች ያስፈሳል፣ ከዛ የደም ስሩ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ያብጣል።

እና የእማዬ ቁርጥማት ትዝ አለኝ። እሷ ጋ ነገሩ ህብለ ሰረሰር ድረስ ይገባል። እኛ ህብለ ሰረሰርን እንደ መብራት ሽቦ ነው የምናየው፣ ከታች ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያሳልፍ ብቻ። ግን መገጣጠሚያው ተቆጥቶ የሚገባው ሲግናል ሲበዛ የነርቩ ጫፍ እዛው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይነሳና ወደ ታመመው ጣት መልሶ ይልካል፣ ያው ሰብስታንስ ፒ እንደገና ይፈሳል። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ የአይጥ ጥናት አለ፣ መገጣጠሚያቸው ላበጠ አይጦች ፒ38 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያግድ መድሃኒት ህብለ ሰረሰራቸው ዙሪያ ሲሰጣቸው የእግራቸው እብጠት ቀነሰ፣ ያንኑ መጠን በሌላ በኩል ሲሰጡት ግን ምንም የለም። መድሃኒቱ ጀርባ፣ እብጠቱ እግር!

ደሞ ህብለ ሰረሰሩ ቮልዩም ይጨምራል፣ ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባል የህመም ተመራማሪ በ1983 አሳይቶታል። ብዙ ከተጎነተለ በኋላ ቀላል ንክኪን ራሱ እንደ ህመም ያሳልፋል። እማዬ አንሶላው ሲነካኝ ያመኛል ስትለኝ "ኧረ አታካብጂ" እላት ነበር፣ አፍሬያለሁ።

ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የያዛቸው ጎረቤታችን ጋሼም አሉ፣ ቁርጥማቱ ጣታቸውን ያጣመመው በደህናው እጅ ነው፣ የማይንቀሳቀሰው እጃቸው ቀጥ ያለ ነው። ሀኪሞች ይሄን ነገር ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፣ ነርቭ እጁ አለበት የሚሉትም ለዛ ነው። ለእማዬ ስነግራት "ያኛው እጅ ስራ ስለማይሰራ ነዋ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሱም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ዝም አልኩ።

ሁሉንም አዳምጣ ስትጨርስ ቅባቷን አነሳችና "ታዲያ ጀርባዬን ነው የምቀባው?"

"አይ፣ ጣትሽን ነው።"

"እንዲህ ለማለት ነው ቡናዬን ያቀዘቀዝከው?"