ዒድ ሙባረክ፣ በዓሉ ለከበዳችሁም

ዒድ ሙባረክ ወዳጆቼ! አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ዱዓችንን ይቀበለን። ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ለሁላችሁም መልካም በዓል እመኛለሁ። የዘንድሮ መልእክቴ ግን በተለይ ተክቢራው ከየመስጊዱ እየተሰማ ከአልጋ መነሣት ላቃታችሁ ነው። አዲሱ ልብስ ተተኩሶ ተሰቅሎ፣ ለመልበስ አቅም ላጣችሁ።

እኔ የድባቴ ሕመም አለብኝ። እሰግዳለሁ፣ መድኃኒትም እወስዳለሁ። ሁለቱ እኔ ጋር ተጣልተው አያውቁም። የሚያጣላቸው ሰው ግን አይጠፋም። «ቁርኣን እያለ ክኒን ምን ያደርግልሻል?» የሚል አለ። «ኢማንሽ ቢጠነክር ኖሮ» የሚልም አለ። አብዛኛው ሰው በክፋት አይደለም የሚናገረው። ቃሉ ግን ያማል። በድባቴ የተያዘ ሰው ድሮውንም ራሱን ሲወቅስ ነው የሚውለው፤ በዚያ ላይ «አላህም ጠልቶኛል» ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ከባድ ነገር ነው። ዱዓው ይደረግ፣ ሩቅያውም (ለታመመ ሰው የሚቀራው ቁርኣን) ይቀራ። እኔም አስቀራለሁ። ክኒኑን አስጥሎ ሲሆን ነው የማልስማማው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደ ነግረውናል። «ታከሙ» ብለዋል። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ የሚጠበቁበት ዱዓም ነበራቸው። ነቢዩላህ ያዕቆብ ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ በልጃቸው አዝነዋል፤ ቁርኣን ራሱ ነው የሚነግረን። እሳቸውን «ኢማናቸው ደክሞ ነው» የሚል ማን ይደፍራል? ከ1000 ዓመት በፊት የኖሩት ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል በልኺ ደግሞ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ለይተው ጽፈዋል። ሁለተኛውን ከሰውነት ጋር አያይዘው፣ በሰውነት ሕክምና እንዲታከም መክረዋል። ይህን ሳነብ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ።

ረመዷኑን ክኒኔን ስወስድ የነበረው ሱሑር ላይ፣ ከንጋት በፊት በሚበላው ምግብ ሰዓት ነው። እናቴ የቴምሩን ሰሃን ገፋ አድርጋ ውሃዬን ታስቀምጣለች። ከዚያ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ፊቴን አየት ታደርግና «እሷን ነገር ዋጥሻት ልጄ?» ትለኛለች። እስክውጥ ቆማ ትጠብቃለች። ኒያ (የመጾም ሐሳብ) የምታስነይተኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስንት የተማረ ሰው ያልገባው ነገር ለእሷ ገብቷታል።

የእኔ ክኒን በቀን አንዴ ስለሆነ ሰዓቱን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን አስተካከልን። የሁሉም መድኃኒት ግን እንደዚህ አይደለም። ሐኪም «አትጹም» ያላችሁ፣ ወሩን ሙሉ ተደብቃችሁ የበላችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ሱረቱል በቀራ 185ኛዋ አንቀጽ የታመመን ሰው አላስቸገረችም። ዛሬ ዒዱ የእናንተም ነው። ቀና በሉ።

ገና ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መድኃኒቱ ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ መረበሽ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ሲሻላችሁም በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፣ ሐኪማችሁን አማክሩ። በጫት ለመነቃቃት መሞከሩም ይቅር፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እና ደግሞ በበዓል ሰሞን ፋርማሲ ሊዘጋ ይችላልና ስንት ክኒን እንደቀራችሁ ዛሬውኑ እዩ። ሕክምና ያልጀመራችሁ የከተማችን ልጆች፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን በዓሉ እስኪያልፍ አትጠብቁ። አጠገባችሁ ላለ ሰው አሁኑኑ ንገሩ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዳችሁ። ማውራት ብቻ የምትፈልጉ ደግሞ ጻፉልኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጣና ዳር ወክ እናደርጋለን፣ ዝም ብለንም ቢሆን።

ኩሉ ዓም ወአንቱም ቢኸይር!