ጣርማበር ዳገት ላይ ከአህያ ጋር

ዳገት ላይ ሳይክልና አህያ እኩል ናቸው። ይህን ያወቅኩት ከጉዶ በረት ወደ ጣርማበር ስወጣ ነው።

ጥር 2011 ነበር። ሌሊት የወረደው ውርጭ ሳሩን ጨው የነሰነሱበት አስመስሎታል። ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ አቅቷቸዋል። ከፊቴ ሁለት ጆንያ የተጫነች አህያ ትሄዳለች። ከኋላዋ ጋቢ የደረቡ እናት ልምጭ ይዘው ይከተሏታል። ማርሹን የመጨረሻው ቀላል ላይ አድርጌ እየረገጥኩም ልቀድማቸው አልቻልኩም። ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወርጄ ሳይክሌን እየገፋሁ አብረን ሄድን።

ጀርባዬ ላይ ጨርቅ አስሬያለሁ። «የቆሰለ ጀርባ አይጫን» ይላል። እማማ አዩትና «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በልምጩ ወደ አህያዋ እየጠቆሙ «ይችን አይተህ ነው?» አሉኝ።

አላየሁም ነበር። ጆንያው ሸፍኖታል።

ጉዞው የሦስት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት። በድምሩ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ። የላከኝ ድርጅት የለም። የያዝኩት አንድ ፖምፓ፣ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪና ያንን ጨርቅ ነው። በመኪና ብሄድ ማንም አያናግረኝም። በሳይክል ስትሄድ ግን ሰው ያስቆምሃል። «ከየት መጣህ? ምን ሆነህ ነው?» ይልሃል። ውሃ ይሰጥሃል። ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ያደግኩት ጫጫ አካባቢ ነው። አንድ አህያ ነበረችን። በሬያችን ቡሬ ይባላል። ውሻችንም ስም ነበረው። አህያዋ ግን «አህያዋ» ነበረች። ውሃ ታመጣለች፣ ኩበት ታመጣለች፣ እህል ወደ ወፍጮ ትወስዳለች። ስም ያወጣላት ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ታመመችና አንድ ጠዋት ሳትነሳ ቀረች። በማግስቱ ውሃውን ያመጣችው እናቴ ናት። ሃያ ሊትሩን ጄሪካን በገመድ ጀርባዋ ላይ አሥራ፣ ጎንበስ ብላ ስትመጣ አሁንም ይታየኛል። አህያ ስትወድቅ ጭነቱ አብሮ አይወድቅም። ወደ ሌላ ጀርባ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያ ጀርባ የሴት ነው።

ዳገቱ ጫፍ ላይ የእማማ ዘመዶች ቤት ነበር። እማማ «እዚህ ትንሽ እንረፍ» ብለው አህያዋን አቆሟት። ጆንያዎቹን አወረድን። ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ወጣ ያለበት ቦታ ላይ የመዳፍ ያህል ፀጉር የለም። መሀሉ ቀይ ነው። ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብርዱ ከልክሎት ዝንብ ገና አልመጣበትም። እኛ አገር ገጣባ እንለዋለን። ከቁስሉ ላይ ጥቁር ዱቄት አየሁ።

«ምንድን ነው እማማ?»

«የባትሪ ድንጋይ። ቀጥቅጬ ነሰነስኩበት።»

እናቴም እንደዚያ ታደርግ ነበር። ሌላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ሰው ይህን የሚያደርገው ከክፋት አይደለም። ቁስሉ ሲደርቅለት የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን መርዝ ነው፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ እረፍት።

«እረፍት» ስላቸው እማማ ቀና ብለው አዩኝ። «እሷ ካረፈች ገበያ ማን ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የአገራችን አህያ ትንሽ ናት፤ ራሷ ብትመዘን ከ100 ኪሎ ብዙ አትዘልም። እኛ ግን ኩንታል እንጭንባታለን። ቀንሱ ማለት ለኔ ቀላል ነው። እማማ ግን ጭነቱን ቢቀንሱ ሁለቴ ይመላለሳሉ፤ መንገዱ ደግሞ ይህ ዳገት ነው።

ማድረግ የምንችለውን አደረግን። ቁስሉን አጠብንላት። አጥንቷን የሚላጠው ድብዳቧ ነበር፤ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጥፎ ልክ አከርካሪዋ ላይ ተደርጓል። ከዘመድ ቤት አንድ ያረጀ የመንዝ ባና ወጣ። ለሁለት ቀደድነው። እያንዳንዱን እንደ ክንድ ወፍራም አድርገን ጠቀለልነው፣ በጆንያ መርፌ ሰፋነው። ከዚያ ሁለቱን ጥቅል በገመድ አያይዘን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አጋደምንላት። መሀሉ ክፍት ነው። ጭነቱ ጎንና ጎኗ ላይ ያርፋል፤ አጥንቱን የሚነካው ነገር የለም። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። ገመዱንም ናይሎኑን ትተን ሰፋ ያለ ጨርቅ ገመድንበት።

ስንጭናት ጆሮዎቿን እያየሁ ነበር። ጠዋት እማማ ሲጭኗት ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ ትሸሽ እንደነበር ነግረውኛል። አሁን ቆመች።

የጣርማበር ዋሻ ጣሊያን የቦረቦረው ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ውስጡ ጨለማ ነው። ኢሱዙ ጥሩምባ ሲነፋ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። አህያዋ ደንግጣ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች። የሳይክሌን ቀይ መብራት አበራሁና ከኋላ ሆንኩ። እማማ ከፊት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ከወዲያ ስንወጣ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር።

ደብረ ሲና ተለያየን። እዚያ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ከበቡኝ። ጨርቁን ያነበበ አንድ ወጣት «ወንድሜ፣ ሰው ጦሙን እያደረ ላህያ ታዝናለህ?» አለኝ። አላስከፋኝም። የእናቴን ጀርባ ነገርኩት። የሰማው ዝም ብሎ ነው። ስንለያይ አንድ ፌስታል ቆሎ ሰጠኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሕዝባችን ዝም ብሎ አያውቅም። በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር። ሥጋውና ቆዳው ወደ ውጭ ሊላክ ነው። ቆዳው ቻይና ውስጥ ተቀቅሎ ኢጂያኦ የሚባል ባህላዊ መድኃኒት ይሠራበታል። የአካባቢው ሰው ተቆጣ፤ ቄራው ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በመላ አህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። ዜናውን ስሰማ ደስ አለኝ። ግን የአህያዋን ጀርባ የሚያድነው ውሳኔ እማማ ዘመዶች ቤት የተወሰነው ነው።

ሦስተኛው ቀን ቁልቁለት ነው። ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ፊቴን መታው። ሮቢት ስደርስ እኔም ቆስዬ ነበር፤ የሳይክሉ ወንበር የውስጥ ጭኔን ልጦታል። መቀመጥ አቃተኝ። የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ እማማ፣ ስለ ባናው፣ ስለ ገጣባው ነገርኳት። አህያችን ትዝ ትልሽ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

«ግራ ጎኗን ነበር የሚያማት» አለችኝ። «ስጭናት በዚያ በኩል እጄን አስገባ ነበር፣ ገመዱ እንዳይነካት።»