በእረፍት ቀኔም ሥራዬን አስባለሁ

እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሁልጊዜ የሚለኝ ነገር አለ። «አንቺ ልጅ፣ የጤና ጣቢያውን ነገር እዚያው ትተሽው ነይ።» ዛሬም ቡና ላይ ደገመልኝ። ለእኔ አስቦ ነው፤ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ያውቃል። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ዝም ብዬ ሰማሁት፤ የቀረውን ግን እዚህ ልጻፈው።

ነርስ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው የዝሆኔ ሕሙማን የሚመጡበትን ቀን ነው። የእኛ ደጋ ዝሆኔ ከትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው፣ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳው እየገባ እግሩን ያሳብጠዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንደሩ ግን ይተላለፋል ብሎ ስለሚያምን ታማሚው ከሰርጉም ከማኅበሩም ይርቃል። ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ስትመጣ እግሯን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ ከሰው ርቃ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ነበረች። ቁስሉ ይሸት ስለነበር ቀና ብላ አታየኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ቁስሏ ደርቋል፤ ጥቁር ሽፍን ጫማ አድርጋለች፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። እስክጠይቃት አልጠበቀችም። «ልጄ፣ ዘንድሮ የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነው» አለችኝ። እሷ ቤት ሊበሉና ሊጠጡ ነው! ያን የሰማሁ ቀን እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ጠዋት ውርጩ ሲለቅ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ እሷን ነበር የማስበው። ያ ከሥራ አለመላቀቅ ነው እንዴ? አይመስለኝም። እሷን ሳስብ ትከሻዬ ቀለለኝ እንጂ አልከበደኝም።

የሚከብደኝ ሌላው ነው። ያለቀው መድኃኒት፣ ያልሞላሁት መዝገብ፣ ስብሰባ ላይ የተነገረኝ ክፉ ቃል። እሱ ሲመጣ እየተሽከረከረ ያው ቦታ ላይ ይመልሰኛል እንጂ አንድ መፍትሔ አምጥቶልኝ አያውቅም። ጋሼ ተይው የሚለኝ ይህን ከሆነ ልክ ነው፣ እታገለዋለሁ።

ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ሻርሎት ፍሪትዝና ሳቢነ ሶኔንታግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኞችን የቅዳሜና እሑድ ውሎ ተመልክተዋል። በእረፍታቸው የሥራቸውን መልካም ጎን ማሰብ ከተሻለ ደኅንነት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሐሳብን ከሥራ ማላቀቅም ለማገገም እንደሚጠቅም ጽፈዋል። ሁለቱ የሚጋጩ መስለውኝ ነበር፤ አሁን ግን አይመስለኝም። ሰው አንዳንድ ሰዓት ሥራውን ፈጽሞ መርሳት አለበት፤ ትዝ ሲለው ደግሞ የትኛው ገጽ እንደሚመጣለት ልዩነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ የክሊኒክ ሠራተኞች በቀኑ የገጠማቸውን መልካም ነገር ማታ ማታ ሲጽፉ ጭንቀታቸው ቀነስ ማለቱ ተመዝግቧል። ይህች ደብተር ከዚያ ወዲህ ነው ከትራሴ ሥር የማትጠፋው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ይህ ከሠራተኛው ከራሱ ሲመጣ ነው መልካም የሚሆነው። አለቃ «በጎ በጎውን አስቡ» ብሎ የሚያዝበት፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ወይም የጎደለ ጓንት የሚሸፈንበት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ደመወዟ ወሩን የማይገፋላት ጓደኛዬን በጎ አስቢ ብዬ ልመክራት አፌም አይደፍርም። እሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት እረፍትና በቂ ክፍያ ነው።

እኔ ግን ፀሐይዋን እየሞቅሁ ያን ጥቁር ጫማ ሳስብ ሌላ ታካሚዬ ትዝ አለችኝ። እግሯ ገና ስላልሟሸሸ የገበያ ጫማ አይገባላትም፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዋ ግማሽ ላይ ቆሟል። መነኻሪያው አጠገብ ቆዳ የሚሰፋ ሰው አለ፤ ሰፋ ያለ ጫማ በልኳ ሊሠራላት ይችል እንደሆነ ነገ ወደ ሥራ ስሄድ እጠይቀዋለሁ። የእግሯን ልክ ከካርዷ ላይ መውሰድ አለብኝ።