አያቴ የቀበረችው ቆጮ

ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት የገባነው ያለ አያቴ ነው። መርካቶ ያደገ የጉራጌ ልጅ እንደሚያውቀው፣ መስከረም አጋማሽ ሲቃረብ ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይታጨቃል፣ ሁሉም ወደ አገሩ ይነሳል። እኛም በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርገን ወልቂጤ ገባን። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ከዚያ ወደ እምድብር ታጠፍን።

እዚህ መንገድ ላይ ሁሌ የሚነሳው የአባባ፣ የወንድ አያቴ ታሪክ ነው። በባዶ እግሩ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ኋላ መርካቶ ሱቅ መክፈቱ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ ሲያዋጡ እሱም ማዋጣቱ። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ዘንድሮ ግን ከንፈሬን ነክሼ ነው የሰማሁት። አባባ የሚመጣው በዓመት አንዴ ለመስቀል ነበር። ልጆቹን ያሳደገች፣ ላሞቹን ያለበች፣ እንሰቱን ለፍሬ ያበቃች አያቴ ናት። ሱቁ በከሰረበት ዓመትም ቅቤና ቆጮ ጭና የላከችለት እሷው ናት። ያን ዓመት ማንም አያነሳውም።

ሰፈር ደርሰን በጀፎረው፣ በሰፊው የሣር መንገድ፣ በእግራችን ወረድን። ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ቡናው አለቀ። እኔ ከጎጆው ጀርባ ወዳለው እንሰት ሄድኩ።

እንሰት ትዕግስት የሚፈትን ተክል ነው። እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። እስኪደርስም ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል። ማዳበሪያው የከብት እበት ነው። አያቴ ጠዋት ጠዋት ጋጣውን ጠርጋ፣ እበቱን በቅርጫት ተሸክማ ሥር ሥሩ ታፈስ ነበር። እርጅና ከተጫናትም በኋላ አልተወችም።

ፍቂያው ደግሞ የሴት ሥራ ነው፤ በባህሉ ወንድ አጠገቡ አይደርስም። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጣውላውን ከቆመ እንሰት ጋር ታስደግፋለች። መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ትሰቅልና ግንዱን ጣውላው ላይ በተረከዟ ትይዘዋለች። ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ቆጮ የሚሆነው ያ ነጩ ነው። ቃጫው ደርቆ ለገመድ ይሸጣል። ከተጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ቡላ ነው። ሥሩ ይቀቀልና አሚቾ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም። ማታ እግሯን ስታጥብ ተረከዟ ላይ ያለውን ጠባሳ እነካው ነበር። የጠነከረ፣ የተሰነጠቀ ነበር። «አያምሽም?» ስላት፣ «ልጄ፣ እግሩ ለምዷል» ትለኝ ነበር።

መፋቂያዋ ዛሬም ከጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። እጇ የሚይዝበት በኩል ተልጎ ሳስቷል። ያዝኩት፤ ለእኔ እጅ ጠበበኝ።

በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አገር እንደ ሌላው አልተጎዳም። አያቴ ያን ዘመን ስታወራ ስለ ራሷ አትናገርም። ከእሷ ጉድጓድ ቆጮ ወስደው ልጆቻቸውን ያበሉ ጎረቤቶች ናቸው ያወሩልን። ለቅሶዋ ላይ አንዲት አሮጊት ይህንኑ እያነሱ ደረታቸውን ሲደቁ አይቻለሁ።

መስከረም 14 የጎመን ክትፎ ተበላ። በማግስቱ በሬው ታረደ። አክስቴ ጉድጓዱን ከፈተች። ድንጋዩ ተነሳ፣ የጠወለገው ኮባ ተገለጠ፣ ያ የማውቀው ኮምጣጣ ሽታ ወጣ። ቆጮ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። ይሄኛውን ፍቃ የቀበረችው አያቴ ናት። አክስቴ በቢላ እየከታተፈች ቃጫውን አወጣች፣ በኮባ ጠቅልላ ጋገረች። ክትፎውን በዚያ በላን።

ከምግብ በኋላ አጎቴ ነገር አነሳ። ማሳውን የሚጠብቅ የለም፣ ባሕር ዛፍ ይሻላል፣ ገንዘብም ያመጣል አለ። አክስቴ ተነሳች። «እናታችን የተከለችው ገና አራት ዓመቱ ነው። ሳይደርስ ማን ነው የሚነቅለው?»

እኔም ከእሷ ጋር ቆምኩ። አባባ በሱቁ እንደሚወሳ እሷም በዚህ ማሳ ትወሳ አልኩ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅና ሚስቱ እንሰቱን ሊይዙ፣ እኛ አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ የአራሚና የእበት ተሸካሚ ወጪውን ልንሸፍን ተስማማን። የመጀመሪያውን መዋጮ እዚያው የሰበሰበችው አክስቴ ናት፤ አጎቴም ከፈለ።