ዛሬ «ፍሪክ አውት!»ን ሳደምጥ ዋልኩ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከጆሮዬ ያልወረደው የ«ማዘርስ ኦፍ ኢንቬንሽን» የመጀመሪያ አልበም ነው። ፍራንክ ዛፓ ይመራው የነበረው ይህ የካሊፎርኒያ ባንድ «ፍሪክ አውት!»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ገና ስም የሌለው ባንድ፣ በመጀመሪያ ሥራው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም! ያኔ በሮክ ይሄ ብርቅ ነበር።

የዘመኑን የፍቅር ዘፈን ዜማ ይወስዱና ግጥሙን አጣመው ይሳለቁበታል። ብቻዬን ስስቅ ነበር። የመጨረሻው የሸክላ ገጽ ግን ከዳር እስከ ዳር ከበሮና ጩኸት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀጥ አድርጎ ያስቆመኝ «ትራብል ኤቭሪ ዴይ» የሚለው ዘፈን ነው። በ1965 በሎስ አንጀለስ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር በዋትስ በተነሳው አመፅ 34 ሰው ሞቷል። ዛፓ ያንን በቴሌቪዥን እያየ ነው የጻፈው። ጊታሩ አንድ ቦታ ላይ ይመላለሳል፣ ሃርሞኒካው ከላይ ያለቅሳል፣ እሱ ደግሞ እንደ ንግግር ያወርደዋል። ስላቁ ያረፈው የሰው መከራን ቀድሞ ለማሳየት በሚሽቀዳደሙት ጣቢያዎች ላይ ነው። ስልኬን ከፍቼ የዛሬውን ዜና ሳይ አንጀቴን በላኝ። ምን ተቀየረ?

ደግሞ ቶም ዊልሰን አለ። ባንዱን ክለብ ውስጥ ሰምቶ ያስፈረመውና አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ የሚገባውን ያህል አለመነሳቱ ከልቤ ያናድደኛል። የቦብ ዲላን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ም እኮ የእሱ እጅ አለበት!